የጥድ ምርጥ ዘር ምንድን ነው?

ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ለገሃር በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ የስልክ መጠገኛ ሱቅ አለች። ባለፈው ሳምንት ስልኬን ይዤ ስገባ ወጣቱ ጠጋኝ የጋለውን ብረት ጫፍ፣ በትንሽ ጣሳ ውስጥ ካለ ቡናማ ጠጣር ነገር ላይ ነካ አድርጎ አነሣው። ነጭ ጭስ ቡን አለና ሱቁን የደን ሽታ ሞላው። «ይህ እኮ የዛፍ ሙጫ ነው» አልኩት። «እኛ የምናውቀው ብየዳው እንዲይዝ እንደሚረዳ ነው እትዬ፤ ከዛፍ ነው እንዴ የሚወጣው?» አለኝ።

አዎ፣ ከጥድ ነው። ነገር ግን «ጥድ» የሚለው ስም በእኛ ዘንድ ብዙ ዛፍ ተሸክሟል። የሐበሻ ጥድ አለ፤ በየግቢው አጥር ሆኖ የምናየው የፈረንጅ ጥድም አለ። ለሱቁ ሙጫ የሚያፈሰው ግን ሦስተኛው ነው፤ እንደ መርፌ የቀጠኑ ረጃጅም ቅጠሎችን በዘለላ የሚያወጣው፣ የደን ባለሙያዎች ፓይነስ የሚሉት። በአገራችን በብዛት የተተከለው ዓይነት ከሜክሲኮ የመጣው ፓቱላ ነው። በሐሩር አገሮች ለሙጫ ከሚፈለጉት መካከል የካሪቢያን ጥድ፣ የመካከለኛው አሜሪካው ኦካርፓ እና የኢንዶኔዢያው መርኩሲ ይገኙበታል።

ምርጥ ዘር ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ስንዴና በቆሎ ነው። ለዛፍም ሐሳቡ ያው ነው። ከብዙ ሺህ ዛፎች መካከል ግንዱ ቀጥ ያለውን፣ ጤነኛውንና ሙጫው የበዛውን መምረጥ፣ ከዚያም ያ መልካም ጠባይ በእርግጥ ወደ ልጆቹ መተላለፉን ማረጋገጥ ነው። ከባዱ ሥራ ይህ ሁለተኛው ነው። ወንዝ ዳር የበቀለ ዛፍ ቢፋፋ ያፋፋው ውሃው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መራጩ ዛፉን የሚያወዳድረው በዚያው አፈር ላይ ከቆሙ እኩዮቹ ጋር ነው። ከተመረጠው ዛፍ ላይ የቅርንጫፍ ጫፍ ተቆርጦ፣ አቮካዶ አምራቾች እንደሚያደርጉት፣ በሌላ ችግኝ ላይ ይጣበቃል፤ እንዲህ የተባዙት ተመራጮች አንድ ላይ ተተክለው እርስ በርስ እየተዳቀሉ ዘር ይሰጣሉ። የየእናቱ ልጆች ደግሞ በተለያየ ቦታ ለየብቻ ተተክለው ይፈተናሉ። የስንዴ ገበሬ ውጤቱን በአንድ መኸር ያያል፤ የጥድ አርቢ ግን የጀመረውን ሥራ ለተማሪው አውርሶ ጡረታ ሊወጣ ይችላል። እኔ ይህን ትዕግሥት እጅግ አከብረዋለሁ።

ሙጫው በዘር ይወረሳል ወይ? በሚገባ ይወረሳል። በአሜሪካ ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የተጀመረው ሥራ ከእኩዮቻቸው እጥፍ ያህል ሙጫ የሚያፈስሱ ዛፎችን በመፈለግ ነበር የተነሣው። በኋላ እንደታየው በዚያ የጥድ ዓይነት በዛፎች መካከል ካለው የሙጫ ልዩነት ግማሽ ገደማው ከእናትና አባት የሚወረስ ነው። ለአንድ የዛፍ ጠባይ ይህ ትልቅ ነው፤ የዕድገት ፍጥነት እንኳ በዚህ መጠን አይወረስም። በጃቫ ደሴትም መርኩሲ በዚሁ መንገድ ለሙጫ ብዛት ተመርጦ ይረባል። የሚሰበሰበው ሙጫ ሲነጠር አንድ አምስተኛ ያህሉ ተርፐንታይን ሆኖ ይተናል፤ ቀለምና ቫርኒሽ ማቅጠኛ የሚሆነው እርሱ ነው። የቀረው አብዛኛው ክፍል እንደ መስታወት የሚሰበረው ጠጣር ነው፤ ወደ ወረቀት፣ ወደ ማጣበቂያ፣ ወደ ቫዮሊን ተጫዋች እጅና ወደዚያች ጣሳ የሚሄደው።

ዛፉ ግን ሙጫውን የሠራው ለእኛ አይደለም። ጥንዚዛ ቅርፊቱን በስታ ስትገባ፣ በቱቦዎቹ ውስጥ ታምቆ የቆየው ሙጫ ገንፍሎ ይወጣና እርሷንም ቀዳዳውንም አብሮ ይደፍናል። ይህን የሚሰማ ሰው ሙጫው የበዛ ዛፍ ተባይንም ይቋቋማል ብሎ ሊደመድም ይችላል። እኔም እንዲህ እንዲሆን እወድ ነበር፤ ነገሩ ግን ከዚህ ይከብዳል። አንዳንድ የቅርፊት ጥንዚዛዎች በሙጫው ውስጥ ያለውን አልፋ ፓይኒን የተባለ ንጥረ ነገር በሰውነታቸው ለውጠው ሌሎች ጥንዚዛዎችን የሚጠሩበት ሽታ ያደርጉታል። ዛፉ ጠላቱን የመታበት መሣሪያ የጠላት ጥሪ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ አርቢው የሙጫውን ብዛት ብቻ ሳይሆን ከምን እንደተሠራም ይመረምራል።

ሌላም አለ። ሙጫ መሰብሰብ ማለት ዛፉን ማቁሰል ነው። ይህን እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል፤ በቆላው አገራችን የዕጣን ዛፍ ያለ ዕረፍት ሲፋቅ ይዳከማል፣ ግንዱንም ጥንዚዛ ይበሳዋል። ምርጥ ዘር ከአንድ ቁስል ብዙ ሙጫ ያስገኛል እንጂ ዛፉን ዕረፍት እንዳያስፈልገው አያደርግም።

ሙጫ የማይመልሳቸው ተባዮችም አሉ። ክሽክሽ ከሚባሉት የዛፍ ጭማቂ መጣጭ ጥቃቅን ነፍሳት አንዱ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ፣ በ1990 ደግሞ ኬንያ ገብቶ የፈረንጅ ጥድን አደረቀ፤ ኋላም እኛ ዘንድ ደረሰ። ኬንያ ውስጥ ግን በደረቁት መካከል ለምለም ሆነው የቀሩ ዛፎች ነበሩ። ተመራማሪዎች የእነዚያን ልጆች አሳድገው ሲፈትኑ ቻይነቱ በከፊል በዘር የሚተላለፍ ሆኖ አገኙት። በየክረምቱ ይህን ያህል ችግኝ የምንተክል ሰዎች፣ ስንት ተከልን ከምንለው እኩል የዘሩ እናት የትኛዋ ዛፍ ናት ብለን መጠየቅ አለብን። ዘር ለቀሚ በተፈጥሮው አጠር ያለውንና ለመውጣት የቀለለውን ዛፍ ይመርጣል፤ ያ ዛፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎባጣው ነው።

ምርጫው ሲጠብም አደጋ አለው። የጥቂት እናቶች ልጆች አገር ምድሩን ቢሞሉት፣ አንዱን የሚጥል ተባይ ሁሉንም ይጥላል። ለዚህ ነው አርቢዎች ብዙ እናቶችን የሚይዙት፣ የዱሩንም ዘር የሚያስቀምጡት። ካምኮር የተባለው፣ በአሜሪካው የሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1980 የተቋቋመ ኅብረት፣ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ደኖች የጥድ ዘር እየለቀመ በኮሎምቢያ፣ በብራዚልና በደቡብ አፍሪካ ሲያስተክል ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ2014 በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ጥንዚዛ በሆንዱራስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር የጥድ ደን ሲያደርቅ፣ ቀድሞ ከዚያች አገር ከተለቀመው ዘር የበቀሉ ዛፎች ባሕር ማዶ ቆመው ነበር።