"የጀርመን ታሪክ ሳትፈተን የስራ ቪዛ የለም" እና ሌሎች ስለ ፈተናው የሚወሩ ወሬዎች

ባለፈው የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ነርስ ናት፣ ጀርመን ለመምጣት ፕሮሰስ ላይ ነች። ፎቶው ላይ ያለው የተጠረዘ ወፍራም ፎቶኮፒ ነው፣ ሽፋኑ ላይ በትልቁ "የጀርመን ታሪክ ፈተና ለስራ ቪዛ" ይላል። "ይሄን ካልጨረስኩ የኤምባሲ ቀጠሮ አይያዝልኝም አሉኝ እኮ" አለችኝ። እስቲ አንድ ገፅ ገልጠሽ አሳዪኝ አልኳት። የመጀመሪያው ጥያቄ ጀርመን ውስጥ ሰው መንግስትን በግልፅ መንቀፍ የሚችለው ለምንድነው ይላል፣ አራት ምርጫ አለው። ሳየው ሳቄ መጣ፣ ምክንያቱም ያንን ጥያቄ በደንብ አውቀዋለሁ፣ እኔ እዚህ አመታት ከኖርኩ በኋላ ለዜግነት ስዘጋጅ ያጠናሁት ነው። መንግስት ራሱ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ያስቀመጠውን አውርደው፣ ፕሪንት አድርገው፣ ጠርዘው ሸጡላት ማለት ነው።

እንዲህ አይነቱን ነገር በየሳምንቱ ስለምሰማ አንዴ ልፃፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

በትልቁ ልጀምር፣ "ለስራ ቪዛ የታሪክ ፈተና አለ" የሚለው። የለም። ለጀርመን የስራ ቪዛ ስታመለክቱ የበርሊን ግንብ መቼ ተሰራ ብሎ የሚፈትናችሁ የለም። ሰው ግራ የሚጋባው ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ አፍ ስለሚወሩ ነው። አንዱ ለቪዛው የሚጠየቀው የቋንቋ ሌቭል ነው፣ ከጀማሪው ኤ1 ተነስቶ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2 እያለ ወደ ላይ የሚወጣው። ሁለተኛው ሙያችሁ ጀርመን ውስጥ እውቅና እንዲያገኝ የሚጠየቀው ቋንቋ ነው፣ ነርስና ዶክተር ላይ በደንብ የሚከብደው ይሄኛው ነው። ሦስተኛው "ሌበን ኢን ዶይችላንድ" የሚባለው፣ ታሪክም ህግም ያለበት ፈተና ሲሆን እሱ የሚመጣው እዚህ ኖራችሁ፣ ሰርታችሁ፣ ግብር ከፍላችሁ፣ ቋሚ መኖሪያ ወይም ዜግነት ስትጠይቁ ነው። ዜግነት ደግሞ በአሁኑ ህግ በመደበኛው 5 አመት ኖሮ ነው። እና ገና ቦሌን ያልተሻገረ ሰው ያንን ፈተና እንዲያጠና ማድረግ የሰርጉ ቀን ሳይቆረጥ የልጅ ስም እንደማውጣት ነው።

ሌላም አገር ነገሩ ተመሳሳይ ነው። እንግሊዝ "ላይፍ ኢን ዘ ዩኬ" የሚሉት አለ፣ 24 ጥያቄ በ45 ደቂቃ፣ ለማለፍ 18 መመለስ፣ ክፍያው 50 ፓውንድ፣ እሱም ለቋሚ መኖሪያና ለዜግነት እንጂ ለስራ ቪዛ አይደለም። አሜሪካ ደግሞ ዲቪ የደረሰውን ሰው ታሪክ የሚፈትነው የለም፣ ሲቪክስ የሚባለው የታሪክና የመንግስት አሰራር ፈተና ዜግነት ሲጠየቅ ነው የሚመጣው፣ ድሮ ከ100 ጥያቄ 10 ጠይቀው 6 ከመለስክ ታልፍ ነበር፣ ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ያመለከተ ግን ከ128 ጥያቄ 20 ይጠየቃል፣ 12 መመለስ አለበት። ለስራ ፈቃድ ብሎ ታሪክ የሚፈትን አገር ጭራሽ የለም እንዳልል ግን ሩሲያ አለች፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2015 ጀምሮ የስራ ፈቃድ የሚፈልግ የውጭ ዜጋ በአብዛኛው የሩሲያ ቋንቋ፣ ታሪክና ህግ ይፈተናል። ምናልባት ወሬው ከዛ ተነስቶ ይሆናል ጀርመን የገባው፣ እንጃ።

የጀርመኑ ፈተና፣ ሌበን ኢን ዶይችላንድ፣ ራሱም ቢሆን እንደሚወራው አያስፈራም። "እነ ቢስማርክን በቃል መሸምደድ ነው" ይላሉ። 33 ጥያቄ ነው፣ 60 ደቂቃ፣ ሁሉም ምርጫ፣ ለዜግነት 17 ከመለሳችሁ አለቀ፣ ክፍያው 25 ዩሮ። ጥያቄዎቹ የሚመጡት ቀድመው ከታወቁ 310 ጥያቄዎች ነው፣ 300ው ለሁሉም አንድ አይነት ነው፣ 10ሩ ደግሞ የምትኖሩበት ክልል ጥያቄ ነው፣ ዋና ከተማው ማነው፣ አርማው የትኛው ነው አይነት። ታሪክ ከሦስቱ ክፍል አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም በብዛት ስለ ናዚ ዘመን፣ ስለ 1945፣ ስለ ሁለቱ ጀርመኖችና በ1989 ስለፈረሰው ግንብ ነው። ቀሪው ስለ ምርጫ፣ ስለ ፍርድ ቤት፣ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ጎረቤት ነው። ጥያቄው ሳይሆን የሚከብደው የተፃፈበት ጀርመንኛ ነው፣ ቋንቋው ላለው ሰው ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ስልኩ ላይ ቢለማመድ ይበቃዋል።

ቋንቋው ላይ ደግሞ ሁለት ተቃራኒ ወሬ አለ፣ አንዱ "ጀርመንኛ ሳትችል ንክች የለም" ይላል፣ ሌላው "ዋናው እንግሊዝኛ ነው ባካችሁ" ይላል። ሁለቱም እንደ ስራው ነው። ብሉ ካርድ፣ ማለትም ለባለሙያ የሚሰጠውን የስራ መኖሪያ ፈቃድ፣ የሚያገኝ የሶፍትዌር ሰው ለቪዛው የጀርመንኛ ሰርተፍኬት በህግ አይጠየቅም፣ አሰሪው በእንግሊዝኛ ከተቀበለው ጨረሰ። ከጁን 2024 ጀምሮ የመጣው ስራ መፈለጊያው ካርድ፣ ቻንሰንካርተ፣ ወይ ኤ1 ጀርመንኛ ወይ ቢ2 እንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ከዛ ላይ የሙያ ወይም የዲግሪ ማስረጃና ነጥብ መሙላት አለ። አውስቢልዱንግ፣ ማለትም እየሰሩ መማር፣ በመደበኛው ቢ1 ነው። ነርስ ሙሉ እውቅና ለማግኘት አብዛኛው ቦታ ቢ2 ይጠየቃል። ዶክተር ከቢ2 በላይ የህክምና ቋንቋ ፈተና አለበት፣ 20 ደቂቃ እንደ በሽተኛ የሚተውን ሰው ያናግራል፣ 20 ደቂቃ ሪፖርት ይፅፋል፣ 20 ደቂቃ ለሌላ ሀኪም ኬዙን ያስረዳል። ስለዚህ አንድ ሰው "እኔ ያለ ጀርመንኛ ገባሁ" ቢላችሁ ውሸት አይደለም፣ ግን መጀመሪያ ስራህ ምንድነው ብላችሁ ጠይቁት።

"ኤ1 የህፃን ጨዋታ ነው፣ እንግሊዝኛ ለሚችል ምን አላት" የሚለውን እኔም ብዬ ነበር። የኤ1 የንግግር ፈተና ላይ ራስህን ካስተዋወቅክ በኋላ ስምህን በፊደል ዘርዝር ትባላለህ። እኛ ደግሞ ፊደሉን የለመድነው በእንግሊዝኛ አጠራር ነው። ጀርመኖች "ኤ" ሲሉ እኛ "ኢ" የምንለውን ፊደል ነው፣ "ኢ" ሲሉ ደግሞ "አይ" የምንለውን። አበበ ስሙን በእንግሊዝኛ ልማድ "ኤ፣ ቢ፣ ኢ፣ ቢ፣ ኢ" ብሎ ቢዘረዝር የሚሰማው ጀርመን ኤቢቢ ብሎ ነው የሚፅፈው። ዋይ "ዩፕሲሎን" ነው፣ ጄ "ዮት" ነው፣ ደብሊው "ቬ" ነው። ቁጥሩ ደሞ የባሰ፣ 34ን "አራት እና ሰላሳ" ብለው ነው የሚጠሩት፣ ማዳመጡ ላይ የስልክ ቁጥር ሲመጣ እኔ 43 ብዬ ፅፌ ነው የወጣሁት። የፈለግከውን ያህል ሰዋሰው ብታውቅ እቺን ሳትለማመድ ከገባህ ላብ በላብ ነው የምትሆነው።

"ኮርሱን የጨረስኩበት ትምህርት ቤት ሰርተፍኬት ሰጥቶኛል" የሚሉም ብዙ ናቸው። የኮርስ መጨረሻ ወረቀትና የፈተና ሰርተፍኬት አንድ አይደለም። ኤምባሲው የሚቀበለው እንደ ጎተ፣ ቴልክ፣ ኦኤስዴ ያሉ እውቅና ያላቸው ፈታኞች የሚሰጡትን ነው። አዲስ አበባ ላይ የጎተ ኢንስቲትዩት አለ፣ እዛ ለመፈተን ደግሞ እዛ መማር ግዴታ አይደለም፣ ቤትህ ተምረህ ሄደህ ተመዝግበህ መፈተን ትችላለህ። ሌላው፣ የጎተ ሰርተፍኬት ላይ ማብቂያ ቀን የለም ግን ብዙ አሰሪና ቢሮ የቆየ አይቀበልም፣ ስለዚህ ኮንትራቱ ሳይታወቅ ቸኩሎ ተፈትኖ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥም ዋጋ የለውም።

"አንዱን ከወደቅክ ሁሉንም ትደግማለህ" ቢ1ና ቢ2 ላይ እውነት አይደለም። የጎተ ቢ1 አራት ሞጁል ነው፣ ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መፃፍ፣ መናገር፣ እያንዳንዱ ከ100 60 ይፈልጋል፣ የወደቃችሁበትን ብቻ መልሳችሁ ትፈተናላችሁ። ኤ1 ግን እንደዛ አይከፋፈልም።

የቢ1 ንግግር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እዛ ጋር ብዙ ሰው ሲወድቅ አይቻለሁ። ከማታውቁት ሰው ጋር ትቀመጡና አንድ ነገር አብራችሁ አቅዱ ትባላላችሁ። የእኔ ሆስፒታል የተኛ ጓደኛ ለመጠየቅ መቼ እንሂድ፣ ምን ይዘን እንሂድ የሚል ነበር። አብሮኝ የገባው ልጅ ቤቱ የሸመደደውን ፅሁፍ ይዞ መጥቶ ስለ ጉዞ እቅድ ይወርድ ጀመር፣ እኔ አበባ እንውሰድ ስለው እሱ ሆቴል ይይዛል። ነጥቡ ያለው መመላለሱ ላይ ነው፣ "አይ እሁድ አይመቸኝም፣ ቅዳሜስ?" ማለት ከአንድ ገፅ ቃል በቃል ይሻላል።

"በሦስት ወር ቢ2" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ሂሳቡን ራሳችሁ ስሩት። ጎተ ራሱ ከዜሮ እስከ ቢ2 ከ600 እስከ 800 የትምህርት ክፍለ ጊዜ ይገምታል፣ አንዱ 45 ደቂቃ ነው። በቀን 4 ክፍለ ጊዜ በሳምንት 5 ቀን ብትማሩ ትንሹ 600 እንኳን 30 ሳምንት ይወስዳል፣ ያውም አንድም ቀን ሳይቀር፣ መብራት ሳይጠፋ፣ የቤት ስራው ሳይቆጠር።

የመጨረሻው ደላሎቹ ጆሮ ላይ የሚያንሾካሹኩት ነው፣ "ሰርተፍኬቱን እናስወጣልሃለን"። ፎርጅድ ከተያዘ ቪዛው ይከለከላል፣ ስማችሁም ፋይሉ ላይ ይቀራል፣ የሚቀጥለው ማመልከቻ ላይ ያንን ነው የሚያዩት። ባይያዝስ? ቢ1 አለኝ ብሎ የመጣ ሰው ኢንተርቪው ላይ መስኮቱ ጋ ስራህን በጀርመንኛ ንገረኝ ሲባል ምን ሊል ነው። እሱን በተአምር ቢያልፍ እንኳን የመጀመሪያው የማታ ፈረቃ ላይ ሽማግሌው ደረቴን አመመኝ ሲሉት ነው የሚታወቀው።

የአክስቴን ልጅ ገንዘቡን እንዲመልሱላት ጠይቂያቸው ብያት ነበር፣ "ፎቶኮፒ አይመለስም" አሏት። አሁን የቢ1 ሦስቱን ሞጁል ጨርሳለች፣ ማዳመጥ ቀርቷታል፣ ድምፁ አንዴ ብቻ የሚከፈትበት ክፍል ነው የጣላት። ማታ ማታ ቮይስ እልክላታለሁ፣ የስልክ ቁጥርና የባቡር ሰዓት በፍጥነት አነብላትና የሰማችውን ትፅፍልኛለች። ጥራዙን ደሞ አልጣለችውም፣ ጀርባው ባዶ ስለሆነ የምትፅፍበት እሱ ላይ ነው።