«አዲስ አበባ ካልተማርክ ማንም አይቀጥርህም» እና ሌሎች የድሬ ወሬዎች

አቦ ሰለቸኝ! የሕግ ተማሪ ባገኘሁ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው። «ጋሼ፣ በድሬዳዋ ወይ በሐረማያ ዲግሪ የንግድ ጉዳይ የሚይዝ የጥብቅና ቢሮ ይቀጥረኛል?»

ትናንሾቹን ወሬዎች ቶሎ ልጨርሳቸው።

«የግል ኮሌጅ ዲግሪ ዋጋ የለውም።» የመውጫ ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው። ማለፍ ነው።

«ማስተርስ ከሌለህ አትሞክረው።» ውሸት። ጀማሪ የሚቀጠረው ውል ሊያረቅ፣ ፋይል ሊያገላብጥ ነው።

«ዘመድ ያስፈልጋል።» እዚህ ላይ አልዋሽም፣ ብዙ ቢሮ ማስታወቂያ አያወጣም፣ ሰው በሰው ነው። ግን ኤክስተርንሺፕ (የተግባር ልምምድ) የወጣችሁበት ጠበቃም ሰው ነው፤ እሱ ዘንድ ስልካችሁን ስትነካኩ ከዋላችሁ ማንን ትወቅሳላችሁ?

አሁን ወደ ዋናው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስም ከየት መጣ? የሕግ ትምህርት ቤቱ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው፤ አንጋፋዎቹ ጠበቆች በብዛት የወጡት ከዚያ ነው፣ የራሳቸውን ትምህርት ቤት ልጅ ሲያዩ ፊታቸው ይፈታል። ትልልቆቹ ቢሮዎችም እዚያው አዲስ አበባ ስለሆኑ ተማሪው ገና ሳይመረቅ ይተዋወቃቸዋል። ጥቅሙ እዚህ ላይ ያበቃል። ስሙ በር ያስከፍታል፣ ከገባችሁ በኋላ ግን የሚጠይቃችሁ እንደኔ ያለ ነዝናዛ ነው።

አምና ሁለት ልጆች ለቃለ መጠይቅ መጡ። አንዱ ከስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ፣ አንዷ ከዚሁ ከድሬ። «ደንበኛ ብቻውን ፒኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር) ማቋቋም ይችላል?» አልኳቸው። ልጁ ፈርጠም ብሎ «ቢያንስ ሁለት አባል ግዴታ ነው» አለ። ወንድሜ፣ ያ የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው! አዲሱ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ባለ አንድ አባል ማኅበር ፈቅዷል። ልጅቷ መጀመሪያ «ንግዱ ምንድን ነው?» ብላ መልሳ ጠየቀችኝ። ባንክ ወይም ኢንሹራንስ ከሆነ በፒኤልሲ አይሆንማ። ማንን እንደቀጠርኩ መገመት አያቅታችሁም።

ደግሞ የድሬን ሥራ አስቡት። ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ፣ የዘገየ ኮንቴይነር፣ ዲመሬጁን (የመዘግየቱን ክፍያ) ማን ይክፈል የሚል ጭቅጭቅ፣ ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና)፣ የትራንስፖርት ውል። ነጻ የንግድ ቀጠናውም እዚሁ ነው የተከፈተው። ነጋዴው ብስጭቱን የሚያወራው በሶማልኛ ወይም በኦሮምኛ ነው፤ ያንን ሰምቶ በደንብ የተጻፈ የአማርኛ አቤቱታ የሚያወጣ ልጅ ባገኝ ዲግሪውን የማየው መጨረሻ ላይ ነው።

ስለዚህ ክረምቱን ከፊራ ገበያ ከምትዞሩ አንድ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ቢሮ ግቡና ሰነድ አገላብጡ፣ በነጻም ቢሆን። አዋጁን ከነጋሪት ጋዜጣው አንብቡ፣ ከሲኒየር ሃንድአውት አይደለም። ሲቪያችሁ ላይም «ለንግድ ሕግ ልዩ ፍቅር አለኝ» የምትለዋን አውጡልኝ። በምትኩ ራሳችሁ ያረቀቃችሁትን አንድ ውል አያይዙ፣ የተዋዋዮቹን ስም አጥፍታችሁ።