አደጋ መከላከል ስንዴ ማከፋፈል ብቻ ነው እንዴ?

ወሎ ውስጥ «አደጋ መከላከል» ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ስንዴ ነው። አይፈረድበትም። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየ አገር ነው። ግን ከስንዴው ጋር ተያይዘው የቀሩ አጉል እምነቶች አሉን።

«አደጋ ማለት ድርቅ ነው»

ድርቅ አንዱ ነው። ቦርከና ሞልቶ ኮምቦልቻ ሲገባ፣ ደሴ ላይ መሬት ሲንሸራተት፣ በረዶ የአንድ ቀበሌን ባቄላ ሲያረግፍ፣ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ እንደሆነው አንበጣ የደረሰ ማሽላ ላይ ሲያርፍ፣ ያም አደጋ ነው። አስር ቤት የበላ እሳት ዜና ላይ ላይወጣ ይችላል። ለአስሩ አባወራ ግን የራሱ ሰባ ሰባት ነው።

«የእግዜር ሥራ ነው፣ እቅድ ምን ያደርጋል?»

በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬንና ማጀቴን ያናወጠውን መንቀጥቀጥ ማንም አያስቀረውም ነበር። ቤት የትና በምን እንደሚሠራ የምንወስነው ግን እኛው ነን።

«መጋዘኑ ከሞላ ተዘጋጅተናል»

ኮምቦልቻ የመጠባበቂያ እህል መጋዘን አላት። ጥሩ። ወደ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ላይ ናዳ መንገዱን ቢዘጋስ? የክልል እቅድ መመለስ ያለበት እንዲህ ያለውን ጥያቄ ነው፤ መኪናው ከየት ይነሳል፣ በየት ይዞራል፣ ማን ያዛል።

ደግሞ ችግር እህል ከማለቁ በፊት ምልክት ይሰጣል። ደጋው የበልግ ዝናብ ይጠብቃል። በልጉ ሲቀር መጀመሪያ የሚናገረው ገበያው ነው። የወረዳ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያ ገበያ ወጥቶ የፍየል ዋጋ ሲጠይቅ ሊገዛ እንዳይመስልህ። አንድ ፍየል ስንት ኪሎ ማሽላ እንደሚገዛ እያሰላ ነው። ፍየል የሚነዳው ሰው ከበዛ፣ የፍየል ዋጋ ከወረደና ማሽላው ከተወደደ ሰዉ ጥሪቱን እየበላ ነው ማለት ነው። ያን ቀን የተላከ ሪፖርት ኋላ ከሚመጣ ብዙ መኪና ስንዴ ይበልጣል። ጠረጴዛ ላይ ካደረ ግን ወረቀት ነው።

«ክልሉ ይደርሳል፣ አብሽር»

አሠራሩ ከታች ነው የሚጀምረው። ወረዳው ይይዛል፣ ከአቅሙ ሲያልፍ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ ከዚያም ወደ ፌዴራል ይሄዳል። ከወረዳውም በፊት የሚደርስ አለ፤ ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው። ድንኳኑ አለው፣ ድስቱ አለው፣ የአባላቱን ቤት አንድ በአንድ ያውቃል። የቅሬ ዳኛ ስልክ የሌለበት የአደጋ እቅድ ለእኔ ግማሽ እቅድ ነው።

ባለፈው ክረምት የሰፈራችን ቦይ በፌስታል ተደፍኖ ከረመ። ሁላችንም እያየን «የሚመለከተው ያውቃል» እያልን አለፍን፣ እኔም ጭምር። አንድ ሌሊት ውሃው ሳሎን ገባ። ጠዋት አራት ወጣቶች በአንድ ሰዓት ጠርገው ጨረሱት። አካፋው የመጣው ከቅሬው ዕቃ ቤት ነው። ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነበር።