አሜሪካ አናሎግ ቴሌቪዥንን ያጠፋችበት ጊዜ፦ የተመልካቾች ዝግጅት

በአሜሪካ ትልልቆቹ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አናሎግ የሚባለውን የድሮውን ዓይነት ስርጭታቸውን ሙሉ በሙሉ አቁመው በአዲሱ፣ በዲጂታሉ ብቻ የቀጠሉት ጁን 12 ቀን 2009 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ያዘዘው ሕግ የተፈረመው በ2006 መጀመሪያ ላይ ነበር። አናሎጉ ሲጠፋ ከሚለቀቀው የአየር ሞገድ ከፊሉ ለፖሊስና ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ሬዲዮ ተሰጠ። ሌላው በ2008 ለስልክ ኩባንያዎች በጨረታ ተሸጦ 19 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ።

ኬብል ወይም ዲሽ ያለውን ሰው ነገሩ አልነካውም። የተነካው በአንቴና የሚያየው ነው። ከእነዚህ መካከል ደግሞ ብዙ አረጋውያን፣ ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ቤተሰቦችና እንግሊዝኛ የማይቀናቸው አዲስ መጤዎች ነበሩ። አሮጌ ቴሌቪዥን ለመጣል አይገደዱም ነበር፤ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚመልስ ትንሽ ሳጥን፣ ኮንቨርተር ቦክስ፣ ይበቃቸዋል።

ለሳጥኑ መግዣ መንግሥት ኩፖን አዘጋጀ። ጥያቄ መቀበል የጀመረው በጃንዋሪ 2008 ነው። ለአንድ ቤት እስከ ሁለት ኩፖን፣ እያንዳንዱ 40 ዶላር። በፖስታ የሚመጣው ቀይ የፕላስቲክ ካርድ ነበር፤ ሱቅ ሄዶ እንደ ስጦታ ካርድ መጠቀም ነው። ችግሩ በ90 ቀን ውስጥ ካልተጠቀሙበት ይቃጠላል። ብዙ ሰው ፖስታውን ጠረጴዛ ላይ እንዳስቀመጠው ቀኑ አለፈበት። በጃንዋሪ 2009 ደግሞ የተመደበው ገንዘብ አለቀና ጠያቂዎች ተራ መጠበቅ ጀመሩ።

በዚያው ወር የቴሌቪዥን ተመልካቾችን ቁጥር በሚያጠናው በኒልሰን ኩባንያ ጥናት መሠረት ወደ 6.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ቤት አልተዘጋጀም ነበር። መጀመሪያ የተቆረጠው ቀን ፌብሩዋሪ 17 ስለነበር ኮንግረስ ወደ ጁን አራዘመው። አንዳንዶች ማራዘሙ ሕዝብ ያደናግራል ብለው ተቃውመዋል። ጁን ላይ ግን ያልተዘጋጀው ቤት ወደ 2.8 ሚሊዮን ወርዶ ስለተገኘ፣ ተጨማሪው ጊዜ ጠቅሟል ማለት ይቻላል።

ዋናው ትምህርት የተገኘው ቀደም ብሎ፣ በሰሜን ካሮላይና ዊልሚንግተን ከተማ ነው። የከተማዋ የንግድ ጣቢያዎች ለሙከራ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2008 እኩለ ቀን ላይ አናሎጋቸውን አጠፉ። ሕዝቡ ቀኑን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ስልክ ደውለው እርዳታ ከጠየቁት ብዙዎቹ ሳጥኑንም ገዝተዋል፤ ያቃታቸው መግጠሙና ቻናል መፈለጉ ነው። ደብሊውኢሲቲ የሚባለው ጣቢያ ደግሞ ዲጂታሉ አናሎጉ ይደርስበት የነበረውን ያህል ርቀት አልሸፈነም። ሩቅ ያሉ ተመልካቾቹ ሁሉን ነገር በትክክል አድርገውም ምስል አጡ።

ከዚያ በኋላ ማስታወቂያ ብቻውን እንደማይበቃ ግልጽ ሆነ። የእሳት አደጋ ሠራተኞችና አሜሪኮርፕስ የሚባለው የመንግሥት የማኅበረሰብ አገልግሎት ፕሮግራም ወጣቶች ቤት ለቤት እየሄዱ ሳጥን ገጠሙ። እነዚህ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ዋሽንግተን አካባቢ በማውቃቸው የእኛ ሰዎች ቤት ደግሞ ሥራው የልጆችና የጎረቤት ነበር። የአንቴናው ገመድ ከቴሌቪዥኑ ይነቀልና ሳጥኑ ጀርባ ይሰካል። ከሳጥኑ ሌላ ገመድ ወደ ቴሌቪዥኑ ይሄዳል። ቴሌቪዥኑ 3 ወይም 4 ቁጥር ላይ ይደረጋል። ከዚያ በሳጥኑ ሪሞት «ስካን» ተጭኖ ቻናሎቹ እስኪገቡ መጠበቅ ነው። ለአንድ አዛውንት እናት ሁለት ሪሞት መያዝ ራሱ አዲስ ነገር ነው። የቱ ድምፅ እንደሚጨምር፣ የቱ ቻናል እንደሚቀይር ደጋግሞ ማሳየት ያስፈልግ ነበር።

አናሎግ ሲደክም ምስሉ ነጭ ነጠብጣብ ይሞላበታል እንጂ ይታያል። ዲጂታሉ ግን ወይ ጥርት ይላል፣ ወይ ተቆራርጦ ቀጥ ይላል። ስለዚህ አንቴናውን ወደ መስኮት ማስጠጋት ለብዙ ቤት መፍትሔ ሆነ።

ጁን 12 ቀን የቴሌቪዥን ስርጭትን ለሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ለፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ከ300 ሺህ በላይ ስልክ ተደወለ። ለብዙዎቹ መልሱ «እንደገና ስካን ያድርጉ» የሚል ነበር፤ አንዳንድ ጣቢያዎች በዚያው ቀን ፍሪኩዌንሲ ቀይረዋልና። ፊላደልፊያና ቺካጎ ውስጥ ወደ ድሮው ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲያቸው የተመለሱ ጣቢያዎች በቤት ውስጥ አንቴና አልያዝ ብለው ሰዉን ለሳምንታት አስቸግረዋል።

አነስተኛ ኃይል ያላቸው ጣቢያዎች በአናሎግ እንዲቀጥሉ ተፈቅዶላቸው ነበር። የአብዛኞቹ የመጨረሻ ቀን ጁላይ 13 ቀን 2021 ሆነ።