በጥናታዊ ጽሑፍ ላይ የሰፈረ ስም፦ ስለ ጸሐፊያንና አርታኢዎች ኃላፊነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዩኒቨርሲቲዎቻችን አንድ መምህር የደረጃ እድገት ሲጠይቅ ያሳተማቸው ጥናቶች ይቆጠሩለታል። ስሙ በጽሑፉ ላይ የሰፈረው ሰው በትክክል ምን እንደሠራ፣ ስህተት ቢገኝ ማን መልስ እንደሚሰጥ፣ አርታኢውስ ከማሳተሙ በፊት ምን ማጣራት እንደነበረበት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጥያቄው ስለማይነሳ የተሳሳቱ ልማዶች ከአማካሪ ወደ ተማሪ እንደ ደንብ ይተላለፋሉ። ብዙ ጉዳት ሲያደርሱ የማያቸውን እዚህ አነሳለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የኃላፊን ስም ማስገባት የአክብሮት ጉዳይ ነው»

አይደለም። ብዙ ጆርናሎች የሚከተሉት የዓለም አቀፍ የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ኮሚቴ መመሪያ 4 መስፈርቶችን ያስቀምጣል፦ በጥናቱ ሐሳብ፣ ንድፍ፣ መረጃ አሰባሰብ ወይም ትንተና ላይ ጉልህ ድርሻ ማበርከት፤ ጽሑፉን ማርቀቅ ወይም ይዘቱን በጥልቀት መርምሮ ማረም፤ የመጨረሻውን ቅጂ አይቶ ማጽደቅ፤ የትክክለኛነት ጥያቄ ሲነሳም መልስ ለመስጠት መስማማት። አራቱም መሟላት አለባቸው። ገንዘብ ማፈላለግ፣ የትምህርት ክፍሉን መምራት ወይም ቋንቋውን ማረም ብቻውን ጸሐፊ አያደርግም። እነዚህ ሰዎች በምስጋናው ክፍል ይጠቀሳሉ።

ታላቅን ማክበር መልካም ባህላችን ነው፤ ማንም እንዲተወው አልፈልግም። ነገር ግን ያልሠራውን ሰው ስም ማስገባት ባላየው ሰነድ ላይ ዋስ ሆኖ እንዲፈርም ማድረግ ነው። ችግሩ የሚከርረው ደግሞ ጽሑፉ አልቆ፣ የማስገቢያ ቅጹ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ «የእሳቸውስ ስም?» ሲባል ነው። በዚያ ሰዓት ወጣቱ አጥኚ እምቢ ለማለት አቅም የለውም። ስለዚህ ንግግሩ ፕሮፖዛሉ ሲረቀቅ መጀመር አለበት። ማን ምን እንደሚሠራ፣ ስሙም በስንተኛ ተራ እንደሚቀመጥ በጽሑፍ ይያዝ፤ የሥራ ድርሻ ሲቀየር ይከለስ። ጉዳዩን ማንሳት ያለበት አማካሪው ነው። «ፕሮፌሰር፣ የእርስዎን ስም አላስገባሁም» የሚለውን ቃል ከተማሪ አፍ መጠበቅ ግፍ ነው።

የዚሁ ስህተት ሌላ ገጽታ የበለጠ ያንገበግበኛል። መጠይቁን ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ የመለሰው፣ አንዱ ጥያቄ ለእናቶች ግልጽ እንዳልሆነ አስተውሎ ያስተካከለው፣ ከቀበሌ ቀበሌ ዞሮ መረጃውን የሰበሰበውና ያጠራው ወጣት ባለሙያ ጽሑፉ ሲታተም ስሙ የማይገኝበት ጊዜ አለ። «ጽሑፉን አላረቀቀም፣ መስፈርቱን አያሟላም» ይባላል። መመሪያው ግን የመጀመሪያውን መስፈርት ያሟላ ሰው በማርቀቁም፣ በማረሙም፣ በማጽደቁም እንዲሳተፍ ዕድል ሊሰጠው ይገባል ይላል። ዕድሉን ነፍጎ «አላሟላህም» ማለት መመሪያውን ማጣመም ነው። ላንሴት ግሎባል ሄልዝ የተባለው ጆርናል በ2018 ከውጭ መጥተው መረጃ ሰብስበው የአገሬውን ባለሙያ ሳያካትቱ የሚያሳትሙ አጥኚዎችን በርዕሰ አንቀጹ ነቅፏል። በ2022 በኬፕታውን የተካሄደው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ያስገኘው መግለጫም ፍትሐዊ አጋርነትን የምርምር ታማኝነት አካል አድርጎታል። ስለዚህ የእኛ አጥኚዎች ድርሻቸውን ሲጠይቁ ውለታ እየለመኑ አይደለም።

«መረጃውን አንዱ ካየው ለሁላችንም ይበቃል»

ይህ አመለካከት ምን ያህል ውድ እንደሆነ በ2020 ታይቷል። ኮቪድ-19 ዓለምን ባስጨነቀበት ሰሞን ላንሴት የተባለው የሕክምና ጆርናል ሃይድሮክሲክሎሮኪን ስለተባለው የወባ መድኃኒት አንድ ጥናት አሳተመ። ሰርጂስፌር የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ከ6 አህጉራት፣ ከ671 ሆስፒታሎች ሰበሰብኩት ባለው የ96,032 ሕሙማን መረጃ ላይ የተመሠረተ ነበር። መድኃኒቱ ከሞት መጨመር ጋር ተያይዞ ቀረበ። የዓለም ጤና ድርጅትም ከሚያካሂደው ሙከራ ውስጥ ይህን መድኃኒት የሚፈትሸውን ክፍል ለጊዜው አቆመ።

ከ100 በላይ ሳይንቲስቶች ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ አፍሪካን ይመለከት ነበር። በጥናቱ መሠረት በወቅቱ በአህጉሪቱ ከተመዘገቡት ሕሙማን ሩብ የሚጠጉት፣ ከሞቱት ደግሞ 40 በመቶ የሚሆኑት በኩባንያው መረብ ውስጥ ባሉና ዝርዝር የኤሌክትሮኒክ መዝገብ በሚይዙ ሆስፒታሎች የታከሙ መሆን ነበረባቸው። የካርድ ክፍሎቻችንን የወረቀት ክምር የሚያውቅ ማንኛውም የአገራችን ጤና ባለሙያ ይህን ቁጥር ቢያይ ቆም ይል ነበር። ኩባንያው ሙሉ መረጃውን ለገለልተኛ መርማሪዎች አልሰጥም አለ። ከ4ቱ ጸሐፊዎች 3ቱ ለመረጃው እውነተኛነት ዋስትና መስጠት እንደማይችሉ አሳውቀው ጽሑፉን ሳቡት፤ ይህ ሁሉ የሆነው ከታተመ 2 ሳምንት ሳይሞላ ነው። የዚሁ ኩባንያ መረጃ የቀረበበት ሌላ ጽሑፍም በዚያው ቀን ከኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ተሰረዘ።

ላንሴት ከዚያ በኋላ ከአንድ በላይ የሆኑ ጸሐፊዎች መረጃውን በቀጥታ አይተው ማረጋገጣቸውን እንዲፈርሙ ማድረግ ጀምሯል። የእኔም ምክር ይኸው ነው። ስምዎ ከመግባቱ በፊት ጥሬው ፋይል ይላክልኝ ይበሉ፤ ጥቂት መስመሮችን ከመጠይቁ ወረቀት ጋር ያመሳክሩ። ፋይሉ ከተከለከለ ስምዎን ያውጡ።

«ገምጋሚዎቹ ካሳለፉት አርታኢው ነጻ ነው»

ገምጋሚ፣ ማለትም ረቂቁን ከመታተሙ በፊት የሚመረምር የዘርፉ ባለሙያ፣ አስተያየት ይሰጣል፤ የሚወስነው አርታኢው ነው። ገምጋሚውን የሚመርጠው፣ የጥቅም ግጭት መኖሩን የሚያጣራው፣ የስነምግባር ፈቃዱን ቁጥር የሚጠይቀው፣ ከታተመ በኋላ ቅሬታ ሲመጣ የሚመረምረውም እሱ ነው። በ1998 ላንሴት ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያዘውን የአንድሩ ዌክፊልድን ጽሑፍ አሳተመ። የተጠኑት ሕፃናት 12 ብቻ ነበሩ። ዌክፊልድ የክትባት አምራቾችን ለመክሰስ ከሚሠሩ ጠበቆች በኩል ገንዘብ ማግኘቱንም አልገለጸም ነበር። ጋዜጠኛው ብራያን ዲር በ2004 ነገሩን ይፋ ቢያወጣም፣ በዚያው ዓመት ከ12ቱ ተባባሪ ጸሐፊዎች 10ሩ ከትርጓሜው ራሳቸውን ቢያገሉም፣ ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ የተሰረዘው በ2010 ነው። በእነዚያ ዓመታት ልጆቻቸውን ከማስከተብ ወደኋላ ያሉ ወላጆችን ሳስብ የአርታኢ መዘግየት ቀላል ጥፋት አይመስለኝም።

በብዛት ረገድ ደግሞ ሂንዳዊ የተባለው የጆርናሎች አሳታሚ ጉዳይ አለ። ባለቤቱ ዋይሊ በ2023 ብቻ ከሂንዳዊ ጆርናሎች ከ8,000 በላይ ጽሑፎችን ሰርዟል። አብዛኞቹ በተጋባዥ አርታኢዎች በተመሩ ልዩ እትሞች የገቡ ነበሩ፤ ግምገማው ተጭበርብሮ ነበር።

በአገር ውስጥ ጆርናሎች ፈተናው ሌላ መልክ አለው። በአንድ ዘርፍ ያሉት ባለሙያዎች ጥቂት ስለሆኑ ሁሉም ይተዋወቃል፤ ጽሑፍ ያስገባው የአርታኢው የቀድሞ ተማሪ ወይም የቢሮ ጎረቤት ሊሆን ይችላል። መተዋወቁ ኃጢአት አይደለም። ኃጢአቱ መደበቁ ነው። አርታኢው ግንኙነቱን አስመዝግቦ ፋይሉን ለሌላ ያስተላልፍ፤ የራሱን ጽሑፍማ ጨርሶ አይንካ። «የእኛን ጆርናል ጽሑፎች ጨምረህ ጥቀስ» ብሎ ጸሐፊን ማስገደድም ሥልጣንን ያለ አግባብ መጠቀም ነው።

«የሚያስከፍል ጆርናል ሁሉ አጭበርባሪ ነው»

በ2013 ሳይንስ የተባለው መጽሔት ጋዜጠኛ ጆን ቦሃነን ሆን ተብሎ በስህተት የተሞላ የካንሰር ጥናት አዘጋጅቶ ጸሐፊዎችን ለሚያስከፍሉ 304 ጆርናሎች ላከ። ጸሐፊው አስመራ ውስጥ አለ በተባለ፣ በእውነቱ ግን በሌለ የሕክምና ተቋም የሚሠራ የፈጠራ ሰው ነበር። 157 ጆርናሎች ተቀበሉት፤ ከተቀባዮቹ መካከል በታላላቅ አሳታሚዎች ሥር ያሉም ነበሩበት። ፕሎስ ዋን ግን አልተቀበለውም፤ ለሙከራው ስለዋሉ እንስሳት አያያዝ ማስረጃ የለም ብሎ የስነምግባር ጥያቄ ያነሳውም እሱ ብቻ ነው። ፕሎስ ዋን ደግሞ የሚያስከፍል ጆርናል ነው። ሙከራው በደንበኝነት የሚሸጡትን ጆርናሎች ስላልፈተነ እነሱን ከእነዚህ ጋር ለማወዳደር አይረዳም።

መለያው እንግዲህ ክፍያው ሳይሆን ግምገማው ነው። «ክቡር ፕሮፌሰር» ብሎ የሚጀምርና በ3 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንደሚሰጥ ቃል የሚገባ ኢሜይል ሲደርስዎ የአርታኢ ቦርዱን ዝርዝር ይክፈቱ። ከስሞቹ ለአንዱ በሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ አድራሻ ይጻፉለት፤ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ላያውቅ ይችላል። ለትክክለኛዎቹ ጆርናሎችም ከኪስ ከመክፈል በፊት ይጠይቁ፤ ብዙ አሳታሚዎች ከኢትዮጵያ ለሚጽፉ ክፍያውን ይተዋሉ ወይም ይቀንሳሉ። ጥያቄው ግን ጽሑፉ ሲገባ መቅረብ አለበት።

«የመመሳሰል መጠኑ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ኩረጃ የለም»

ጽሑፉን ከሌሎች ጽሑፎች ጋር አመሳክሮ ይህን መቶኛ የሚያወጣው ሶፍትዌር የሚቆጥረው ተመሳሳይ የቃላት ቅደም ተከተልን ነው። የተለመደ የአሠራር ገለጻና የዋቢ ዝርዝር ቁጥሩን ያሳድጉታል፤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተመልሶ ምንጩ ያልተጠቀሰ ገጽ ደግሞ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። አርታኢ ሪፖርቱን ከፍቶ ማንበብ አለበት፤ በመቶኛው ብቻ መጣልም ማሳለፍም ስንፍና ነው። አንድን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጆርናል ማስገባትም ጥፋት ነው። ሁለቱም ቢያትሙት፣ በኋላ ጥናቶችን ደምሮ የሚተነትን ሰው አንዱን ታማሚ ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል።

«ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ተባባሪ ጸሐፊ ማድረግ ግልጽነት ነው»

ኔቸርና ሳይንስ የተባሉት መጽሔቶች በጃንዋሪ 2023 ይህን አንቀበልም ብለዋል፤ መሣሪያው ሊጠየቅ አይችልምና። አጠቃቀሙ በጽሑፉ ውስጥ ይገለጽ፤ ለስህተቱ ተጠያቂው ሰውየው ነው። ገምጋሚዎችም ይጠንቀቁ። ያልታተመን ረቂቅ «አጠቃልልልኝ» ብሎ ለእነዚህ አገልግሎቶች መስጠት በአደራ የተቀበሉትን ምስጢር ማውጣት ነው።

«ጽሑፍ መሰረዝ የጸሐፊው ውርደት ነው»

በ2018 የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኘችው ፍራንሲስ አርኖልድ በ2019 በሳይንስ ያሳተመችውን ጽሑፍ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ራሷ አሰርዛለች። ውጤቱን መድገም አልተቻለም ነበር፤ በላቦራቶሪ ማስታወሻ ደብተሩ ውስጥም የጎደሉ መረጃዎች ተገኙ። በሥራ ተጠምዳ በሚገባ እንዳልተከታተለች በይፋ ጽፋ ይቅርታ ጠየቀች፤ ክብሯም አልቀነሰም። መሰረዝ ማጥፋት አይደለም። ጽሑፉ በቦታው ሆኖ «ተሰርዟል» የሚል ምልክትና ምክንያቱ ይጻፍበታል፤ በቅንነት የተፈጸመ ስህተት ከማጭበርበር የሚለየውም በዚያ ማስታወሻ ነው። ጥቂት ቁጥሮች ብቻ ከተሳሳቱ እርማት ይበቃል። ምርመራው ገና ካላለቀ አርታኢው ለአንባቢ የማስጠንቀቂያ ማስታወሻ ያወጣል።

በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ስህተት ያየ አንባቢ መጀመሪያ ለጸሐፊው ይጻፍ፤ የሠንጠረዡን ቁጥርና የማይገጥመውን አኃዝ ለይቶ ያስቀምጥ። መልስ ካላገኘ ለዋና አርታኢው ይቀጥል። አርታኢውም አሳታሚውም ዝም ካሉና ጆርናሉ በ1997 በእንግሊዝ የተመሠረተው የሕትመት ስነምግባር ኮሚቴ አባል ከሆነ፣ ኮሚቴው ቅሬታው በአግባቡ መታየት አለመታየቱን ይመረምራል። የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ስለሚያስፈልጉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይቀመጡ።