«ካምቢዮው አልቋል» ሲሏችሁ

ባለፈው ሳምንት ሦስት ሰዎች «አውቶማቲክ ካምቢዮዬ (የማርሽ ሳጥኑ) ይንሸራተታል፣ አውርድልኝ» ብለው መጡ። በእውነት የሚንሸራተተው የአንዱ ብቻ ነበር። እኔ ካምቢዮ አውርጄ ነው የምበላው፤ ይህን መጻፌ ኪሴን ይጎዳዋል። ግን ያችኑ ነገር ደጋግሞ ማስረዳት ሰለቸኝ።

«ዳገት ካቃተው ካምቢዮ ነው።» ዋናዋ ይህች ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፤ እዚህ ሲደርስ አንድ አምስተኛው የለም ማለት ነው። አምስት ሰው የጫነች ቪትዝ ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት፣ የቸርችልን ዳገት ስትወጣ ብታቃስት ካምቢዮዋን አትክሰሱ።

ድካም ሌላ፣ መንሸራተት ሌላ። የሞተር ዙር መቁጠሪያውን እዩ። ነዳጅ ስትረግጡ ሞተሩ ጮሆ፣ መርፌው ከ2,500 ወደ 4,000 ዘሎ፣ ፍጥነቱ ግን እንዳለ ከቀረ እሱ ነው መንሸራተት፤ ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች (እርስ በርስ ተጣብቀው የሞተሩን ጉልበት የሚያስተላልፉት ሳህኖች) አልያዙም። ረግጣችሁ ረግጣችሁ መርፌው ራሱ አልነሳ ካለ የደከመው ሞተሩ ነው፤ ካንዴላ፣ ኮይል፣ የአየር ፊልትሮ፣ የነዳጅ ፓምፕ አስፈትሹ። መርፌው ዘሎ መኪናውም አብሮ ከጎተተ ደግሞ ዝቅ ወዳለ ማርሽ ወርዶ ነው፤ ጤነኛ ነው፣ ሂዱ። (መቁጠሪያ የሌላቸው ቪትዞች አሉ፤ እነሱን በጆሮ፣ ወይም ስካነር ሰክቶ ነው።)

አንድ ባለ ኮሮላ ደንበኛ አለኝ። ሌላ ቦታ «አልቆለታል» ብለውት ያገለገለ ካምቢዮ ገዝቶ አስገጥሟል፤ መኪናው ግን ያው ነው። አብሬው በቸርችል ወጣሁ። እግሩን እስከ ወለሉ ቢጭነውም መርፌዋ 2,500 ላይ ቆማ ቀረች። ተመልሰን ከካታላይዘሩ (ከጭስ ማጣሪያው) በፊት ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር ፈታሁና እንደገና ወጣን። ጭሱ በዚያች ቀዳዳ ሲተነፍስ መኪናው መንገደኛውን ሁሉ እያስደነገጠ ዳገቱን በረረ። የተደፈነ ካታላይዘር ነበር፤ በቃ። ሰውዬው አንድ ቃል አልተናገረም። «የድሮውን ካምቢዮህን ምን አደረግከው?» ብዬ ብጠይቀው «እዚያው ተውኩላቸው» አለኝ።

«ሲቪቲ ከጮኸ ተንሸራቷል።» የለም። ሲቪቲ የሚባለው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዓይነት የሚቀያይረው ማርሽ የለውም፤ በሁለት ፑሊ መሃል የሚዞር የብረት ቀበቶ ነው። ዙሩ አንድ ቦታ ቆሞ ፍጥነቱ ከኋላ እየተከተለ ከመጣ ሥራውን እየሠራ ነው። ካልተከተለ፣ ወይም መኪናው ከተንቀጠቀጠ፣ ያኔ ኑ።

«ኦዲ ኦፍ በርቷል፣ ካምቢዮው ሄደ።» ዳሽቦርዱ ላይ «O/D OFF» የምትለው መብራት ናት። የማርሹ እጀታ ላይ ያለችውን ቁልፍ ነክታችሁ ነው፤ የመጨረሻው ከፍተኛ ማርሽ ብቻ ነው የተከለከለው። አሮጌ ቶዮታ ላይ ብልጭ ድርግም ካለ ግን የብልሽት ኮድ ይዟል፤ አስነብቡት።

«ኮድ ከወጣ ይቀየራል።» ፒ0730 ማለት የማርሹ ሬሾ ከሚጠበቀው ጋር አልገጠመም ማለት ነው እንጂ «ካምቢዮ ግዛ» ማለት አይደለም። ዘይት ቢጎድልም፣ ሶሌኖይድ (የዘይቱን መንገድ በኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋው ቫልቭ) ቢጣበቅም ይወጣል። ሶሌኖይድ ደግሞ በብዙ መኪና ካምቢዮው ሳይወርድ፣ ከሥር የዘይት መያዣውን ፈትቶ የሚቀየር ዕቃ ነው።

«ፍሬን ይዘህ ነዳጅ ርገጥና ሞክረው።» ካምቢዮው መያዝ አለመያዙ የሚታይበት ይህ ምርመራ እውነተኛ ነው፤ ግን ከ5 ሰከንድ አያልፍም። አንዱ ቪዲዮ አይቶ ግማሽ ደቂቃ ያዘው። ዘይቱን ቀቅሎ አመጣልኝ።

«ዘይቱ ከተቀየረ ካምቢዮው ይሞታል።» ይህ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የእኛ ሰው የካምቢዮ ዘይት የሚያስታውሰው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው። ፍሪሲዮኑ ቀድሞ ተበልቷል። ተቀይሮ በሳምንቱ ሲቆም ዘይቱ ይከሰሳል፤ ነፍሱ ልትወጣ የደረሰን ሰው ሐኪም ቤት አድርሶ «ሐኪሙ ገደለው» እንደማለት። ደግሞም ካምቢዮ እንደ ሞተር ዘይት አያቃጥልም፤ ጎደለ ማለት የሆነ ቦታ ፈሷል ማለት ነው። ስትለኩ ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ እየሠራ፣ ማርሹን ሁሉም ቦታ አዳርሳችሁ ፒ ላይ መልሳችሁ ነው፤ አብዛኛው መለኪያ ያለው ቶዮታ እንዲህ ነው። ጠዋት በቀዝቃዛው ለክታችሁ «ጎደለ» ብላችሁ አትሙሉ። «ቀይ ከሆነ ያው ነው» ብላችሁም ሲቪቲ ላይ ተራ የካምቢዮ ዘይት አትጨምሩ፤ ያኔ ያልነበረውን መንሸራተት በገንዘባችሁ ትገዙታላችሁ።

የመጨረሻዋ፣ በጣም የምታናድደኝ። የዘይት መያዣው ይፈታል፣ ማግኔቱ ላይ ግራጫ ጭቃ ይታያል፣ «ብረት በልቷል፣ ይኸው!» ይባላል። ደንበኛው ይደነግጣል። ማግኔቱ እዚያ የተቀመጠው ያንን ሊይዝ ነው፤ ልስልስ ያለ ግራጫ ልቁጥ በየትኛውም የሠራ ካምቢዮ ውስጥ አለ። ቆንጥራችሁ በሁለት ጣት እሹት። እንደ ቅባት ከለሰለሰ ምንም አይደለም። በጥፍር የሚነሳ የሚያብለጨልጭ ስባሪ ካለው፣ ዘይቱም ጠቁሮ የተቃጠለ የሚሸት ከሆነ፣ አዎ፣ አውርዱት።