የውጭ አገር የክፍያ መንገዶች፤ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚሄድ እንግዳ

የክፍያ መንገድ አሽከርካሪው ለሄደበት ርቀት ወይም ለተጠቀመበት ጊዜ ገንዘብ የሚከፍልበት አውራ ጎዳና ነው። ሐሳቡ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ የጥንት ሲራራ ነጋዴ በየኬላው ቀረጥ ሳይከፍል አያልፍም ነበር። ዛሬ ከደሴ ተነስቶ በኮምቦልቻ፣ በከሚሴና በሸዋ ሮቢት አድርጎ፣ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ግን የክፍያ መንገድ አያገኝም። ብዙው ሰው የሚያውቀው እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተውን የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ነው፤ ሲገቡ ትኬት ወስዶ ሲወጡ በርቀቱ ልክ መክፈል።

ልጁን ወይም እህቱን ሊጠይቅ ወደ ውጭ ሄዶ መኪና ለሚከራይ ሰው ለዚህ ልማድ የሚቀርበው የጣሊያን አውቶስትራዳ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1924 ሚላኖን ከሐይቆቹ አካባቢ ለማገናኘት የተከፈተው መንገድ ከጅምሩም የሚከፈልበት ነበር። መግቢያው ላይ ማሽኑ ትንሽ ወረቀት ይሰጣል። ይህች ወረቀት ከጠፋች ሂሳቡ ከሩቁ መግቢያ ጀምሮ ስለሚታሰብ ከዓይን መራቅ የለባትም። መውጫው ላይ ደግሞ ከመስመሮቹ በላይ ያሉትን ቀለሞች መለየት ያስፈልጋል፤ ነጩ ለጥሬ ገንዘብ፣ ሰማያዊው ለካርድ ነው፤ ቢጫው ቴሌፓስ የተባለውን፣ ክፍያውን በራሱ የሚቆርጥ መሣሪያ መኪናቸው ላይ ለገጠሙ ብቻ ነው። በስህተት ቢጫው ውስጥ የገባ ሰው በድንጋጤ ወደ ኋላ እንዳይመለስ አደራ! ከኋላው መኪና አለ፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። የእርዳታውን ቁልፍ ተጭኖ ማሽኑ የሚያወጣውን ደረሰኝ መቀበልና በ15 ቀን ውስጥ መክፈል ይችላል።

ስዊዘርላንድ በርቀት አታስከፍልም። በአውራ ጎዳናዎቿ ለመንዳት የሚገዛው የዓመት ፈቃድ 40 ፍራንክ ነው፤ ለሳምንት የመጣ እንግዳም ያንኑ ይከፍላል፤ ይህ ለአጭር ጊዜ እንግዳ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ኦስትሪያ የጥቂት ቀናትም ትሸጣለች። በጀርመን ትንሽ መኪና በነፃ ይሄዳል።

እንግዳን ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ገንዘብ ተቀባይም ሆነ መዝጊያ የሌለው መንገድ ነው። ዱባይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚሠራው ሳሊክ የተባለው የመንገድ ክፍያ ሥርዓት የመኪናው መስታወት ላይ የተለጠፈውን ምልክት ከላይ አንብቦ ሂሳቡን ይቆርጣል፤ መኪናው እንኳ አይቆምም። ከፓሪስ ወደ ኖርማንዲ በሚወስደው መንገድም እ.ኤ.አ. በ2024 መክፈያ ጣቢያዎቹ ተነስተዋል፤ ያለፈ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ራሱ ፈልጎ መክፈል አለበት። የማያውቅ ሰው በነፃ ያለፈ ይመስለዋል።

የኪራይ መኪና ከሆነ ሂሳቡ መጀመሪያ የሚደርሰው አከራዩ ዘንድ ነው። አከራዩም ብዙ ጊዜ የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ጨምሮ መኪናው በተያዘበት ካርድ ላይ ያስከፍላል። ካርዱ አብዛኛውን ጊዜ የዘመድ ነው። ሂሳቡ ሲመጣ እንግዳው ደሴ ገብቶ ሳምንታት አልፈዋል፤ ዘመድም በይሉኝታ አይጠይቅም። ስለዚህ ቁልፉን ከመረከብ በፊት «የመንገድ ክፍያው እንዴት ነው የሚታሰበው?» ብሎ አከራዩን መጠየቅ፣ የታለፈባቸውን ቀኖች መዝግቦ መያዝና ከመሳፈር በፊት ግምቱን ለባለካርዱ መተው ያስፈልጋል።